ምልክቱን ተከትዬ ነው

ጉለሌ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለኖህ ዓምሃ
ጁባ

ውድ ልጄ ኖህ፣

የጤናህን ነገር ከእናትህ አፍ ስቃርም ከርሜ ዛሬ በገዛ እጄ ልጠይቅህ ተነሳሁ። እንዴት ነህ? ወባው ለቀቀህ? ሙቀቱንስ ለመድከው? እኔና እናትህ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የእኔ ጉልበት ዳገት ላይ ትንሽ ያጉረመርማል፣ የእሷ ምላስ ግን እንደ ድሮው ነው።

የእጅ ጽሑፌን ስታይ ደብዳቤውን አጣጥፈህ ኪስህ እንዳትከተው። ተቀምጠህ አንብበው። እኔ የመለዋወጫ ዝርዝር ካልሆነ ሌላ ነገር ጽፌ እንደማላውቅ ታውቃለህ፤ ይህን ለመጨረስ ሦስት እሁድ ፈጅቶብኛል። የጎረቤታችን የሐመልማል ልጅ ቢኒያም ማክሰኞ ወደ እናንተ ስለሚበር በእሱ እጅ እልከዋለሁ። በስልክ ለምን አልነገርከኝም እንዳትለኝ፣ አንተና እኔ በስልክ ከተነጋገርን ስድስት ዓመት አልፎናል።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ስትደውል እናትህ ሳሎን ትቀመጣለች፣ እኔ ደግሞ መኝታ ቤት ገብቼ ሬዲዮ እከፍታለሁ። በሩን ትንሽ ገርበብ አድርጌ እተወዋለሁ፣ አየር እንዲገባ። «አባትህ ደህና ነው፣ ሬዲዮውን እየሰማ ነው» ትልሃለች። የአንተ ድምፅ እኔ ጋ አይደርስም። እሷ «እህ... እህ... ወይኔ ልጄን» ስትል እኔ ከመልሷ ተነስቼ አንተ ምን እንዳልክ እገምታለሁ። ስለ ወባው የሰማሁት እንዲህ ነው። የውኃ ቦቴዎች የሚጠገኑበት ጋራዥ መግባትህን፣ ዋና መካኒክ መሆንህንም እንዲሁ። ዋና መካኒክ መሆንህን የሰማሁ ቀን አልጋው ላይ ተቀምጬ ብቻዬን ፈገግ አልኩ፤ ከዚያ ማንም እንዳያየኝ ፊቴን አጠብኩ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲበረታ ያንተ ክፍል ጣሪያ ማፍሰስ ጀመረ። እናትህ «አንተ ሰውዬ፣ የልጄ ዕቃ ከመበስበሱ በፊት ግባና አንሳ» አለችኝ። ክፍልህ ከገባሁ ቆይቼ ነበር። አልጋህ ሥር ያን ትልቅ ካርቶን አገኘሁት። ታስታውሰዋለህ፤ የሞተሩን ጉልበት ለጎማ የሚያካፍሉ ሦስት ትናንሽ ዲፈረንሻሎች፣ ስድስት ጥርሳም ጎማ፣ አንድ ሞተር፣ ሪሞቱ፣ ለሻንሲ፣ ለመኪናዋ አጥንት፣ ብለህ የቆረጥካቸው ሁለት የአሉሚኒየም ዘንጎች፣ እና ሰማያዊ ሽፋን ያለው ደብተር። በደብተሩ ፊት ላይ «ባለ ስድስት ጎማ፣ የእንጦጦ መንገድ የምትወጣ» ብለህ ጽፈሃል።

መጀመሪያ ካርቶኑን ዘጋሁት። በነጋታው ከፈትኩት። ለእናትህ «ቦታ ይይዛል፣ ገጥሜ ልጨርሰውና ይውጣልን» አልኳት። እሷም «ጎበዝ፣ ቦታ ስለያዘ ነው» አለችኝ። የሴትዮዋን አነጋገር ታውቀዋለህ።

ደብተርህን ሳገላብጥ አንድ ነገር አገኘሁ። ሥዕሎቹ ዳር ዳር ላይ ሦስት ቦታ «ይህን አባዬን ልጠይቅ» ብለህ ጽፈሃል። ጠይቀኸኝ አታውቅም። ብትጠይቀኝም «ይህን መጫወቻ ከፊቴ አንሳልኝ፣ የሰው መኪና ቆሞ ይጠብቃል» እንደምልህ አውቅ ነበር፤ አንተም ታውቅ ነበር። አሁን ግን ልመልስልህ። አንደኛው ጥያቄህ ሸክሙን የሚችለው ባሌስትራ ስንት ድርብ ይሁን የሚል ነው። ከፊት ሁለት፣ ከኋላ ሦስት በቂ ነው። ከብረት መጋዝ ምላጭ ነው የሠራሁት፤ ጫፍ ጫፉን ብቻ በእሳት አለስልሼ በሳሁት፣ ወገቡን ግን አልነካሁትም፣ አለዚያ ጉልበቱ ይጠፋል። ሁለተኛው፣ ክብደቱ ከፊት ይሁን ከኋላ ብለሃል። ከፊት ነው። ዳገት ላይ አፍንጫዋ ወደ ላይ እንዳይነሳ ባትሪውን ከፊተኛው ጎማ በላይ አስቀምጠው። ሦስተኛውን ከታች እመልስልሃለሁ።

ካቢናዋን ከዘይት ቆርቆሮ ቆርጬ አጠፍኩ። ዓይኔ ትንንሽ ቡሎን ማየት አልችል ስላለኝ የእናትህን መነጽር ሰረቅኩ። እንዲያ ያለ ሥራ በሕይወቴ ሠርቼ አላውቅም ኖህ። አርባ ዓመት ሙሉ ቡሎን በክንዴ ሳላላ ኖሬ በሁለት ጣት የሚያዝ ካቻቪቴ ይዤ ትንፋሼን ዋጥኩ። አንዱ ቡሎን ወድቆ ቢጠፋብኝ ግማሽ ቀን መሬት ለመሬት ፈለግኩት። እና እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ አለኝ። አንተ ለሰዓታት አንገትህን ደፍተህ ምን ታገኝበት እንደነበር ያኔ ገባኝ።

የኤሌክትሪኩ ነገር ግን አቃተኝ። ከሪሞቱ ትእዛዝ ተቀብሎ ለሞተሩ የሚያስተላልፈው ሰሌዳ ዝጎ ነበርና ከነሞተሩ አዲሱ ገበያ ኡመይማ ጋ ወሰድኩት። የፈድሉ ልጅ ኡመይማ፣ አብራችሁ የተማራችሁት፤ አሁን የራሷ የሞባይል ጥገና ሱቅ አላት። ሰሌዳውን በማጉያ እያየች፣

«ጋሼ ዓምሃ፣ ይሄ ለልጅ ልጅ ነው?» አለችኝ።

«የልጅ ልጅ የለኝም።»

«ታዲያ ለማን ነው?»

«ለራሴ ነው። ነውር አለው?»

«ኧረ የለውም! ደስ ይላል እንጂ» አለችና ሞተሩን አገላብጣ፣ «የኖህ ናት አይደል? ሞተሩን አውቀዋለሁ፣ ሽቦውን እኔ ነኝ የበየድኩለት» አለች። ሰሌዳውን ወደ እሷ ገፋ አደረግኩት። እሷም ከዚያ በላይ አልጠየቀችኝም፤ ሠርታ ስትጨርስ ግን በሩ ድረስ ሸኝታኝ «ጋሼ፣ መኪናዋ ስትሄድ እንዲያሳዩኝ» አለችኝ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ መኪናዋ ተገጣጥማ አለቀች። ጋራዡ ሲሚንቶ ላይ አወረድኳት። ጎሚስታው ማቲያስ ከጎን ሱቁ ጎማ እየነፋ ነበር፤ ሥራውን ትቶ መጣ። ሪሞቱን ወደ ፊት ጫንኩት። የፊት ጎማዎች ወደ ፊት ዞሩ፣ የኋላዎቹም ወደ ፊት። የመካከለኛዎቹ ግን ወደ ኋላ! መኪናዋ እዚያው ቆማ ጮኸች፣ ጎማዋ ሲሚንቶውን ፋቀ።

ማቲያስ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ጋሽ ዓምሃ፣ መሃለኛዋ አኩርፋለች!»

እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ገለበጥኳትና የመካከለኛውን ዲፈረንሻል ጥርስ ፈታሁት። ተገልብጦ ነው የገባው። የእኔን ደንብ ታውቃለህ፤ ቡሎኖቹ ዙሪያውን እኩል ስለሆኑ ያ ጥርስ የያዘ ብረት ተገልብጦም ይገጥማል፤ ስለዚህ ከማውረዴ በፊት በላይኛው በኩል በሹል ብረት ሁለት ነጥብ እመታበታለሁ። «ነጥብ ወደ ሰማይ» ብዬ ነው ያስተማርኩህ። በዚችም ትንሽ መኪና ላይ በልማዴ ሦስቱንም መትቻቸዋለሁ። ማቲያስ «ታዲያ እንዴት ተሳሳቱ?» ሲለኝ ተቆጣሁና፣

«ምን ተሳሳትኩ! ምልክቱን ተከትዬ ነው እኮ!» አልኩት።

ይህ ቃል ከአፌ እንደወጣ እጄ ላይ የነበረውን ጥርስ ትኩር ብዬ አየሁት። ማቲያስም ሳቁን አቆመ። ካቻቪቴውን አስቀመጥኩና በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አንተ ታውቀዋለህ፤ እኔ ግን ያወቅኩት ገና አሁን ነው፤ ስለዚህ እንደ አዲስ ልንገርህ። የ2012 የመስቀል ዋዜማ ነበር። ድንጋይ የሚጭነው የሱሉልታው ቶለሳ «ለደመራው ቤቴ መድረስ አለብኝ» እያለ አናታችን ላይ ቆሞ ያጣድፈናል። የመኪናውን ዲፈረንሻል ጥርስ ያወረድኩት እኔ ነኝ። በጥድፊያው መኪናው ላይ እንዳለ ምልክት ማድረጉን ረሳሁት። ካወረድኩት በኋላ ትዝ ሲለኝ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ሁለቱን ነጥብ መታሁ። ያ ብረት ደግሞ ጠረጴዛ ላይ በጀርባው ካልተንጋለለ አይቀመጥም። ሆዱ ወደ ላይ ነበር። ነጥቡን የመታሁት ሆዱ ላይ ነው። ከዚያ «ኖህ፣ ግጠመው» ብዬህ እጄን ልታጠብ ሄድኩ።

አንተም እንዳስተማርኩህ ነጥቡን ወደ ሰማይ አድርገህ ገጠምከው።

ቶለሳ አንደኛ ማርሽ ሲያስገባ መኪናው ወደ ኋላ ሄዶ የማቲያስን የውኃ በርሜል ጨፈለቀ። ሰው ሁሉ ሳቀ። «ምልክቱን ተከትዬ ነው አባዬ» አልከኝ፣ አንዴ ብቻ። እኔ አልሰማሁህም። ውኃው ጫማዬን እያራሰ፣ ደንበኛ ፊት ተዋርጄ፣ የሚታየኝ የራሴ ክብር ብቻ ነበር። ተገልብጦ የገባውን በንዴት አውርጄ መለስኩት፤ ነጥቡ የት እንደዋለ ለማየት ዓይን አልነበረኝም። ስጨርስ እዚያ ሁሉ ሰው ፊት «አንተ የመጫወቻ መካኒክ! እጅህ ለሰው መኪና አልተፈጠረም፤ ቱታህን አውልቀህ ውጣ» አልኩህ። አወለቅከው። አጣጥፈህ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥከውና በሸሚዝህ ዳገቱን ወጣህ። ከወር በኋላ ጁባ ነበርክ።

በዚችኛዋም ያደረግኩት ያንኑ ነው። ሦስቱንም ለልክ ሻንሲው ላይ ደርድሬ የፊትና የኋላውን እዚያው እንዳሉ ምልክት አደረግኩባቸው። መካከለኛውን ግን ቅባቱን ልይ ብዬ ፈትቼው ነበር፤ ጠረጴዛ ላይ እንደተንጋለለ መታሁት። አንድ ሰው አንድን ስህተት ሁለት ጊዜ በአንድ እጅ ይሠራል ብሎ የሚነግረኝ ቢኖር አላምነውም ነበር።

ግን ልቤ ወዲያው እሺ አላለኝም። ምናልባት የቶለሳውን በትክክል መትቼው ይሆናል፣ ምናልባት የልጁ ጥፋት ይሆናል እያልኩ ሳምንት ሙሉ ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። በመጨረሻ ቶለሳን ደወልኩለትና ጭነቱን አራግፎ ሲመለስ እንዲያልፍ ለመንኩት። ያ መኪና አሁንም ይሠራል፤ ያንን ዲፈረንሻል ከዚያ ቀን ወዲህ የነካው የለም። ፊት ለፊቴ ቆመ። ካርቶን አንጥፌ ሥሩ ገባሁ። ጭቃውንና ቅባቱን በናፍጣ ጨርቅ አሸሁት። ከላይ በኩል ምንም የለም። ከታች በኩል፣ ከሆዱ ላይ፣ ሁለት ነጥብ።

እዚያው ተኝቼ አለቀስኩ ኖህ። እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ቶለሳ እግሬን ያዘኝ።

«ጋሽ ዓምሃ! ምን ነካዎት? ያዞረዎት ነገር አለ?»

«ደህና ነኝ።»

«መኪናዬ ነው ወይ? የተሰበረ ነገር አለ? ይንገሩኝ!»

«መኪናህ ደህና ነው ቶለሳ።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስዎታል?»

«ደህና መሆኑ» አልኩት። ምስኪኑ ምንም አልገባውም፤ ጎትቶ አወጣኝና ውኃ አጠጣኝ።

ውኃውን ስጠጣ ነው ሌላው ነገር ትዝ ያለኝ። ያን ቀን ተገልብጦ የገባውን ስመልስ አምፖሉን የያዝክልኝ አንተ ነበርክ። እኔ በንዴት ባላይም አንተ ነጥቦቹ ወደ ታች ሲዞሩ ከአፍንጫህ ሥር አይተሃቸዋል። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ያን ጊዜውኑ አውቀሃል። አንድ ቃል ብትናገር፣ «አባዬ፣ እየው» ብትል፣ ሳቁ ሁሉ ወደ እኔ ይዞር ነበር። አልተናገርክም። እኔን እዚያ ሰው ፊት ላለማዋረድ ብለህ ቱታህን አወለቅክ።

ቤት ገብቼ ለእናትህ ስነግራት ድንች እየላጠች ነበር። ቢላዋዋን እንኳ አላስቀመጠችም። «እኔ መቼ ነው የኖህ ጥፋት ነው ያልኩህ?» አለችኝ።

«ታውቂ ነበር?»

«ሻንጣውን ሲዘጋ ነገረኝ። እንዳልነግርህ በማርያም አስምሎኛል። 'አባዬ ከሥራው ሌላ ምን አለው፣ እጄን ማመን ካቃተው ይታመማል' አለኝ።»

ግማሽ ሰዓት ያህል ተጨቃጨቅን። ስድስት ዓመት እንዴት ትደብቂኛለሽ ብዬ ጮህኩባት። እሷም «መሐላ ነው፣ ምን ላድርግ? በየዓመቱ ቱታውን አጥቤ ሚስማሩ ላይ መልሼ ስሰቅልልህ አንድ ቀን እንኳ ለምን ብለህ ጠይቀኸኛል?» አለችኝ። እውነቷን ነው። አልጠየቅኳትም።

ከስምንት ቀን በፊት ቅዳሜ ጠዋት የዚያን ቀን የነበሩትን ሁሉ ጋራዡ ጠራኋቸው። ማቲያስ፣ ቶለሳ፣ ላሜራ ቀጥቃጮቹ፣ ሻይ ቤት ያለችው ሾዴ ሳትቀር መጣች። ኡመይማም ሱቋን ዘግታ መጥታለች። ትንሿን መኪና መሃል ላይ አስቀምጬ አስነሳኋት፤ ፊትና ኋላዋ ወደፊት፣ መሃሏ ወደ ኋላ፣ እየጮኸች። ከዚያ ፈትቼ ነጥቡን አሳየኋቸው። በቶለሳ መኪና ሥር ያየሁትንም ነገርኳቸው። «ያን ቀን የተሳሳትኩት እኔ ነበርኩ፤ ልጄ የተከተለው የእኔን ምልክት ነው፤ እያወቀም ዝም አለልኝ» አልኳቸው። ቱታዬን አወለቅኩና አጣጥፌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት፣ አንተ እንዳስቀመጥከው። ማንም አልሳቀም። ማቲያስ መሬት መሬት እያየ «ጋሽ ዓምሃ፣ የሳቅነው እኛም ነን» አለ። ሾዴ በነጠላዋ ዓይኗን ጠረገች። እኔ በሸሚዜ ቤቴ ገባሁ።

ይቅርታ አድርግልኝ ልጄ። ዕድሜዬን ሙሉ ማንንም ይቅርታ ጠይቄ ስለማላውቅ በምን ቋንቋ እንደሚባል አላውቅም። አጠፋሁ። አንተን አዋረድኩ። አዋርጄህ ሳበቃ ደግሞ አንተው መጥተህ ይቅርታ እንድትጠይቀኝ ስድስት ዓመት በር በሩን ሳይ ኖርኩ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

መካከለኛውን ጥርስ መልሼ አስተካከልኩትና ባለፈው ማክሰኞ ከእናትህ ጋር እንጦጦ ወጣን። ከባሕር ዛፉ ሥር፣ እንጨት የሚያወርዱት ሴቶች በሚያልፉባት ቀጭን መንገድ ላይ ለቀቅኳት። አቤት ብታያት! ሥሩን ትወጣለች፣ ድንጋዩ ላይ ትንጠለጠላለች፣ ስድስቱም ጎማ መሬቱን ይዞ ቀስ እያለች ትቀጥላለች። ከሴቶቹ አንዷ ሸክሟን ዛፍ ላይ አስደግፋ «ይቺ እኮ ከእኛ ትሻላለች» አለች። እናትህ ሪሞቱን ቀማችኝና እስከ ቀጣዩ መታጠፊያ ነዳቻት። ከመታጠፊያው ወዲያ ግን ቆመች። ኡመይማ ነግራኝ ነበር፣ ሪሞቱ የሚደርሰው እስከ ተወሰነ ቦታ ነው። ብጫነው ብጫነው አልሰማ አለችኝ። ሄጄ ማምጣት ነበረብኝ። ሳመጣት ስለ ጁባ እያሰብኩ ነበር።

ሦስተኛው ጥያቄህ ይኸውልህ። «ስትዞር መካከለኛው ጎማ ለምን ይጎተታል?» ብለሃል። የፊተኛው መሪ አለው፣ የኋለኛው ይከተላል፤ መካከለኛው ግን መዞር ስለማይችል በእያንዳንዱ መታጠፊያ ይፋቃል። ቀድሞ የሚያልቀውም እሱ ነው። መድኃኒት የለውም፤ መንገዱን ሰፋ አድርጎ መዞር ብቻ ነው የሚያግዘው። በእኛ ቤት መካከለኛዋ እናትህ ናት። እኔና አንተ በየበኩላችን ስንጎትታት እሷ ነች ያለቀችው። እሷ ይህን አትነግርህም።

እናትህ «መኪናዋን ለቢኒያም ስጠውና ይውሰድለት» አለችኝ። አልሰጥም አልኩ። ከላክኳት ለምን ትመጣለህ? አልጋህ ላይ ነች። ጣሪያውን ጠግኜዋለሁ፣ አያፈስም። ቀለም አልቀባኋትም፤ ደብተርህ ላይ አንድ ቦታ ብርቱካናማ፣ ሌላ ቦታ አረንጓዴ ብለህ ጽፈሃል፤ የትኛውን እንደመረጥክ አላውቅምና የቆርቆሮ መልኳን እንደያዘች ተቀምጣለች። ና ብዬ አላዝህም፣ ሥራ አለህ፣ ዋና መካኒክ ነህ። ቀለሙን ብቻ ንገረኝ። ቱታህም ሚስማሩ ላይ ነው።

ከእንግዲህ ምልክት የምመታው መኪናው ላይ እንዳለ ብቻ ነው። ጠረጴዛው ላይ «ከማውረድህ በፊት» ብዬ በቀለም ጽፌ ለጥፌዋለሁ፤ ማቲያስ በመጣ ቁጥር ያነብልኛል።

አምላክ ከወባውም ከክፉ ሰውም ይጠብቅህ። እጅህን ይባርክልህ፤ ያን ቀን የሰደብኩት እጅህን አብዝቶ ይባርክልህ። የምትጠግነው ሁሉ ወደ ፊት ይሂድልህ። እናትህ የዓለምወርቅ ግንባርህን ስማሃለች፤ ከጎኔ ቆማ የቀረውን ወረቀት አትጨርስብኝ እያለች ነው።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ሬዲዮው ከተበላሸ ሁለት ዓመቱ ነው። መጠገን አቅቶኝ እንዳይመስልህ፤ ቢሠራ ይረብሸኝ ነበር። እሁድ ስትደውል «ስልኩን ለአባዬ ስጪው» በላት። ሩቅ አልሄድም፣ እዚያው በሩ ጋ ነኝ።

አባትህ
ዓምሃ